ባትሪያችሁ መኪናው ቆሞ እያለ የሚያልቅ ከሆነ፣ አዳማ ውስጥ የት ይኬዳል?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። መኪናው ማታ ደህና ነበር፤ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ግን "ጠቅ ጠቅ" ከማለት በቀር አይነሳም። ከጎረቤት መኪና ኬብል ተቀጥሎለት ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አድሮ ያው ነው። የሱቅ ስም አልጠራም። የትኛው ዓይነት ቤት ለምን እንደሚሆንና ጥሩ ባለሙያ በምን እንደሚለይ ልንገራችሁ።

እኔም ደርሶብኛል። ቪትስ ነው የምነዳው። ባትሪው ሁለቴ ሲወርድብኝ አንድ ባትሪ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ሳይለካ "ይሄማ ሞቷል" አለኝ። ሐሙስ አዲስ ገዛሁ። ቅዳሜና እሑድ መኪናው ቆሞ ዋለ፤ ሰኞ ጠዋት አዲሱም ወረደ። ልጄን ሐኪም ቤት ለማድረስ በጠዋት ፍራንኮ ድረስ ባጃጅ ፍለጋ ሄድኩ። ኋላ ሲታይ ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም። ለቴፑ የተጨመረው አምፕሊፋየር በቀጥታ ከባትሪው ተቀጥሎ፣ ቁልፍ ከወጣም በኋላ ግማሽ አምፔር ገደማ ይስብ ነበር። ግማሽ አምፔር በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይበላል። የእኔ ባትሪ ሙሉ ሆኖ የሚይዘው 35 ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እንድትሄዱ የምመክረው ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ቤት ነው። ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይሙላላችሁ። ከዚያ ባትሪውን መኪናው ላይ ሳትመልሱ ሁለት ቀን አስቀምጡትና በቴስተር ለኩት። ሙሉ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ማለት ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ለብቻው ተቀምጦ ከወረደ ችግሩ ራሱ ባትሪው ነው፤ ያኔ ሻጭ ጋ ሂዱ። ካልወረደ ግን ባብዛኛው ኮረንቲውን የሚበላው መኪናው ነው፤ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

መግዛት ግድ ከሆነ፣ የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። መደርደሪያ ላይ ብዙ ወር የቆየ ባትሪ "አዲስ" አይባልም። የአዳማ ሙቀትም ቀላል አይደለም። ሙቀት የባትሪውን ውሃ ያተናል፤ ተቀምጦ ራሱን በራሱ የሚያወርድበትንም ፍጥነት ይጨምራል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ የምወደው ለዚህ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ታዩታላችሁ፣ ትሞላላችሁ። የሚጨመረው ግን የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አትጨምሩ፣ የቧንቧ ውሃም አይሆንም። ይህን የሚከታተል ሰው ከሌለ ድፍኑን ውሰዱ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ጎበዙን ከአጀማመሩ ታውቁታላችሁ። ምንም ከመፍታቱ በፊት መለኪያውን ያወጣል። ሞተሩን አስነስቶ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) የሚሰጠውን ያያል፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ባብዛኛው ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታና መለኪያውን በገመዱና በባትሪው መሃል ያስገባል። ወዲያው ፍርድ አይሰጥም። ዘመናዊ መኪና ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ይጠብቃል። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ቢስብ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዝ አንድ በአንድ ያወጣል፤ የትኛው ሲወጣ ቁጥሩ ቁልቁል እንደሚወርድ ያያል። ፊውዝ ሁሉ ወጥቶም ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ይፈታል፤ የተበላሸ ዳዮድ (ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው የዲናሞው ክፍል) በዚያ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳልና።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ "ዲናሞውን ልፈትሽ" ከሚል ሰው ግን መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ልማድ እስካሁን አለ። ቮልቱ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ለአንድ ደቂቃ ፍተሻ ሲባል የሰው ንብረት ይጠፋል።

ራሳችሁ መለካት ከፈለጋችሁ የመለኪያውን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። መለኪያው በመሃል እያለ ቁልፍ አታዙሩ፤ የመለኪያው ፊውዝ ይቃጠላል።

"በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሰህ ስትመለስ ይስተካከላል" የሚሉም አሉ። ባትሪውን ሊሞላው ይችላል፤ ፍሳሹ ግን እዚያው አለ። ጥፋቱ እስኪገኝ ድረስ የሚሻለው ገመዱ ላይ የሚገጠመው ባትሪ መቁረጫ ነው። ማታ ትዘጉታላችሁ፣ ጠዋት ትከፍታላችሁ። የቴፑ ሰዓት ይጠፋል፣ አላርሙም ስለማይሠራ ግቢ ውስጥ ለሚያድር መኪና ነው የምመክረው።

ባለሙያው ጋ ስትደርሱ ከፋብሪካ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ ንገሩት፦ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ የኋላ ካሜራ፣ ቴፕ። እኔ አምፕሊፋየሩን ስነግረው መጀመሪያ ያየው እሱን ነበር፤ ሻዩን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጥፋቱ ተገኘ።