ስልኬ ሙሉ ነው፣ የምፈልገውን ግን አላገኝም። ምን ላድርግ?

ፍለጋ ላይ ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድሮይድ ስልክና ዊንዶውስ ላፕቶፕ አለኝ፤ መረጃዬ ግን ተበታትኗል። ስልክ ቁጥሮቼ ግማሹ ሲም ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ፣ የቀረው ጂሜይል ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። ቀጠሮ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ ይጠፋል። ፓስዎርዶቼን ለራሴ ቴሌግራም ላይ እልካለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ማመልከቻ የዲግሪዬን ፎቶ ስፈልግ ሃያ ደቂቃ ጋለሪ ውስጥ ስዳክር ቆየሁ። ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው አግኝቼ የላክሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ሁሉ የሚይዝልኝ አንድ አፕ ካለ ጠቁሙኝ።

ባለ ሁለት ስልክ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ከስልክ ቁጥሮቹ ጀምሪ። ሲም ካርድ ስምና ቁጥር እንጂ ብዙ ነገር አይዝም። አድራሻ፣ ልደት እዚያ ላይ ቦታ የላቸውም። የጉግል ኮንታክትስን አፕ ክፈቺና ከሲም ወደ ጂሜይል አካውንትሽ አስገቢያቸው። እዚያው ላይ የተደጋገሙ ስሞችን የሚያዋህድ አማራጭ አለ። ግን ሁሉንም በአንዴ አታዋህጂ፤ አንድ በአንድ እያየሽ ይሁን። እኔ ሳላይ ተጫንኩና የሁለት ሰዎች ቁጥር በአንድ ስም ሥር ገባብኝ።

የቆየ ተጠቃሚ፦ አንድ አፕ የምትዪውን ተዪው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፓልም ኩባንያ ፓይለት፣ ያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ፣ ከፊቱ ለአራት ነገር አራት ቁልፍ ነበረው፦ ቀጠሮ፣ አድራሻ፣ የሚሠራ ሥራ፣ ማስታወሻ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላየሁም። አንድ ነገር ስትይዢ ራስሽን ጠይቂ። ሰዓት አለው? ካላንደር ላይ ይግባ። መሠራት አለበት ግን ሰዓት የለውም? የሥራ ዝርዝር ላይ። ስለ ሰው ከሆነ ኮንታክት ውስጥ፣ የቀረው ማስታወሻ ላይ። ለምሳሌ «ማክሰኞ 4 ሰዓት፣ ጥርስ ሐኪም» ካላንደር ላይ ይገባል፤ ሁለት ማንቂያ አድርጊለት፣ አንዱ ከአንድ ቀን በፊት፣ ሌላው ከአንድ ሰዓት በፊት። የሐኪሙ ስልክ ግን እዚያ አይጻፍም፣ ኮንታክት ውስጥ ነው ቦታው። ሁሉን አንድ ላይ ስትከምሪ ነው የሚጠፋብሽ።

ቁልፍ ያዥ፦ እኔን ያስደነገጠኝ የፓስዎርዱ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ የምትልኪው መልእክት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ቴሌግራም ምስጢራዊ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት) አይደለም። ስልክሽን ከፍቶ የገባ ሰው ሁሉንም ያነበዋል። ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ የሚባል የፓስዎርድ ማስቀመጫ አፕ ተጠቀሚ። ቢትዋርደን በነፃ የሚሠራበት መንገድ አለው፣ ስልክና ኮምፒውተር ላይ እኩል ይታያል። ኪፓስ ደግሞ ሁሉንም አንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፣ ፋይሉ አንቺው ጋ ይቆያል። አፑን የሚከፍተውን ዋናውን ፓስዎርድ እርስ በርስ ከማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ሥሪው፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽም ቤት አስቀምጪ። ከረሳሽው የሚከፍትልሽ የለም። ከዚያ የድሮዎቹን ቀይሪ፤ ኢሜይልሽ ይቅደም፣ ምክንያቱም የሌላው አካውንት ሁሉ «ፓስዎርድ ረሳሁ» መልስ የሚመጣው በእሱ ነው።

ፍለጋ ላይ ነኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቁጥሮቹን ጨረስኩ፤ 412 የነበሩት 260 ሆኑ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ አሁን ሁሉም ጉግል ላይ ስለሆነ ሌላ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አያስፈልገኝም አይደል?

ሰነድ ሰብሳቢ፦ ያስፈልግሻል! ሲንክ፣ ማለትም መረጃው ሁሉም መሣሪያ ላይ እኩል እንዲታይ ማድረግ፣ ባክአፕ ማለት አይደለም። አንዱ ላይ ያጠፋሽው ከሁሉም ላይ ይጠፋል። ልጄ ስልኬን ስትነካካ የአባቴን ቁጥር አጥፍታው ነበር፤ ላፕቶፑም ላይ ሳየው የለም። ደግነቱ የጉግል ኮንታክትስ የቆሻሻ ቅርጫት ለ30 ቀን ያቆያል፣ ከዚያ መለስኩት። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ ኮንታክቶችሽን በቪሲኤፍ ፋይል (ስልክ ቁጥሮችን የሚይዝ የፋይል ዓይነት) አውጪና ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ያ ፋይል አይፎን ላይም ይከፈታል።

የዲግሪውን ነገር በተመለከተ፣ ሰነድን ጋለሪ ውስጥ አትተዪ። የጉግል ድራይቭ አፕ ስካን ማድረጊያ አለው፤ ጠርዙን ቆርጦ ፒዲኤፍ ያደርግልሻል። ስሙን ዓመቱን አስቀድመሽ ስጪው፣ «2019-07 ዲግሪ» እንደማለት። እንዲህ ሲሆን በጊዜ ቅደም ተከተል ራሱ ይደረደራል፣ «ዲግሪ» ብለሽ ስትፈልጊም ወዲያው ይመጣል። በነገራችን ላይ የድራይቭ ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ጂሜይልና ፎቶም ከዚያው ላይ ስለሚካፈሉ ቪዲዮ አትሙዪበት።

ባለ ሁለት ስልክ፦ ወረቀቱንም ጨርሰሽ አትጣዪው። እኔ ቀን ላይ ደብተሬ ላይ እጫጭርና ማታ ወደ ካላንደር እገለብጣለሁ። ስልክ ለማውጣት የማይመች ቦታ ብዙ ነው።

ፍለጋ ላይ ነኝ፦ እሺ፣ ይህም ይመቸኛል። ዲግሪዬን አሁን ስካን አድርጌ ስሙን ሰጠሁት፤ ፈልጌም አየሁት፣ ወዲያው መጣ። ዛሬ ማታ ወደ ፓስዎርዶቹ እገባለሁ፣ ከኢሜይሉ ጀምሬ።