ኮማንደርስ በ2023፦ ለ4-13ቱ ውጤት ተጠያቂው ማን ነው?

ሦስተኛ_ዳውን፦

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባለን አበሾች መካከል ስለ ዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስለ ኮማንደርስ ሲነሳ ወሬው ሁሉ 2024 ላይ ነው፤ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ጄደን ዳንኤልስ፣ 12 ድል፣ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ዓመት የጠየቀ ደግሞ «የያኔው ኳርተርባክ ሳም ሀውል አልቻለም» ይባልና ይታለፋል። የ17ቱን ጨዋታ ውጤት፣ 4 ድልና 13 ሽንፈት፣ ዘርግቼ ሳየው ግን ይህ መልስ አልዋጥልኝ አለ።

አጀማመሩ እኮ ደህና ነበር። ጁላይ ላይ ጆሽ ሃሪስና አጋሮቹ ቡድኑን ከዳን ስናይደር በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ኤሪክ ቢዬንሚ ከካንሳስ ሲቲ መጥቶ ማጥቃቱን ይዟል። አሪዞናን 20 ለ 16 አሸነፉ፣ ዴንቨር ላይ ደግሞ 21 ለ 3 ከመመራት ተነስተው 35 ለ 33 ወጡ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት 15 ጨዋታዎች ያሸነፉት አትላንታንና ኒው ኢንግላንድን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ 8 በሙሉ ሽንፈት ናቸው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ሀውል 65 ጊዜ ሳክ ተደርጓል (ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ ወድቋል)፣ በሊጉ አንደኛ። ይህ የመስመሩ (ከፊቱ ሆነው የሚጠብቁት አምስቱ) ጥፋት ነው፣ የራሱ ነው፣ ወይስ የቢዬንሚ? ሁለተኛ፣ መከላከሉ የፈረሰው መቺዎቹ ሞንቴዝ ስዌትና ቼዝ ያንግ ኦክቶበር 31 ለሌሎች ቡድኖች ስለተሰጡ ነው? ሦስተኛ፣ የመከላከሉ አሰልጣኝ ጃክ ዴል ሪዮ ከተባረረ በኋላ ለምን አልተሻለም? «ሁሉም ጥፋተኛ ነው» የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ፤ በድርሻ ቁረጡልኝ።

ኪስ_ጠባቂ፦

ከሳኩ ልጀምር። 65 የሚለው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ ሀውል በዚያ ዓመት በሊጉ ከማንም በላይ፣ 612 ጊዜ ወርውሯል። ብዙ የሚወረውር ብዙ ይመታል። ስለዚህ 65ን ለ677 አካፍል፤ 612 ውርወራና 65 ሳክ ሲደመሩ ማለት ነው። 9.6 በመቶ ይወጣል። 7 በመቶ አካባቢ የተለመደ ስለሆነ ይህም ቢሆን የከፋ ነው፤ ግን እንደሚወራው ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም።

አሁን ዓመቱን ለሁለት ክፈለው። በመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች 40፣ በቀሩት 10 ደግሞ 25። የመጀመሪያዎቹ በተርታ 6፣ 4፣ 9፣ 5፣ 5፣ 5፣ 6 ናቸው። 9ኙ የቡፋሎ ነው፤ 37 ለ 3 የተሸነፉበትና ሀውል 4 ኢንተርሴፕሽን (ተጋጣሚ የነጠቀው ኳስ) የወረወረበት። በዚያ አካሄድ ቢቀጥል 97 ይደርስ ነበር፤ የሊጉ ሪከርድ ዴቪድ ካር በ2002 ሂውስተን እያለ የተመታው 76 ነው። በ8ኛው ሳምንት ግን ከፊላደልፊያ ጋር 52 ጊዜ ወርውሮ አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ። 397 ያርድ፣ 4 ታችዳውን (የ6 ነጥብ ጎል)።

በአንድ ሳምንት ምን መጣ? ሴንተሩ (የመስመሩ መካከለኛ) ኒክ ጌትስ ወንበር ላይ ተቀመጠና ታይለር ላርሰን ገባ። ሴንተር ኳስ የሚያቀብል ብቻ እንዳይመስልህ፤ ማን ማንን ይያዝ የሚለውን ከስናፑ (ኳሱ ለኳርተርባኩ ከመቀበሉ) በፊት የሚጠራው በአብዛኛው እሱ ነው። ጥሪው ከተዛባ አምስት ሰው አራት ሰው ሲጠብቅ፣ አንዱ በመሀል ማንም ሳይነካው ያልፋል። ከዚህ የበለጠው ለውጥ ግን ኳሱ ከእጁ ቶሎ መውጣት መጀመሩ ነው። መስመሩ በሳምንት ውስጥ ጎበዝ አልሆነም፤ እንዲጠብቅ የተጠየቀው ጊዜ አጠረለት።

ቪዲዮ እያየህ ጥፋቱን ለመለየት ከፈለግህ ከስናፑ ጀምረህ ቁጠር። ኳርተርባኩ ከ2.5 ሰከንድ በፊት ከወደቀና መቺው ፊቱ ያለውን ሰው አሸንፎ ከመጣ የመስመሩ ነው። ማንም ሳይነካው ከመጣ የጥሪው ነው፤ ሴንተሩን፣ ኳርተርባኩን፣ አንዳንዴም ራኒንግ ባኩን (ኳስ ይዞ ሯጩን) ትጠይቃለህ። 3 ሰከንድ አልፎ ኳሱ አሁንም እጁ ላይ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኳርተርባኩ ነው። አንድ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፣ ሀውል የሚያበዛው፦ ኪሱ (ጠባቂዎቹ የከለሉለት ቦታ) ደህና ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መሄድ። ታክል (የመስመሩ የዳር ጠባቂ) ከጎን የሚመጣውን መቺ ወደ ውጭና ወደ ኋላ የሚሸኘው ኳርተርባኩ 7 ያርድ ገደማ ላይ ይቆማል ብሎ ነው። ኳርተርባኩ 10 ያርድ ላይ ከተገኘ የተሸኘው ሰው እላዩ ላይ ይደርሳል። ታክሎቹን አንድሩ ዋይሊን ወይም ቻርልስ ሌኖን ከመክሰስህ በፊት የሀውል እግር የት እንደቆመ እይ።

ቢዬንሚስ? ሀውል የ5ኛ ዙር ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት) ምርጫ ነው፤ ከ2023 በፊት የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። እንዲህ ላለ ልጅ በጨዋታ 36 ውርወራ መስጠት ለካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ለፓትሪክ ማሆምስ የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው። ለፍትህ ያህል፣ ቺካጎ ላይ በእረፍት 27 ለ 3 እየተመሩ ነበር፤ 51 ጊዜ ቢወረወር ምን ይገርማል? በዓይኔ ከ10 ሳክ 4ቱን ለመስመሩ፣ 4ቱን ለሀውል፣ 2ቱን ለቢዬንሚ እሰጣለሁ።

ቆጣሪው፦

ሁለተኛውን ሂሳብ ራሱ ይመልሰዋል። ዋሽንግተን በ17 ጨዋታ 518 ነጥብ ተቆጥሮበታል፣ በሊጉ ከሁሉም የባሰ። ከዝውውሩ በፊት በነበሩት 8 ጨዋታዎች 228፣ በአማካይ 28.5። ከዝውውሩ በኋላ በ9 ጨዋታ 290፣ በአማካይ 32.2። ልዩነቱ 4 ነጥብ አይሞላም። 28.5 ራሱ ከሊጉ ግርጌ የሚያስቀምጥ ቁጥር ነው። ቤቱ ሁለቱ ልጆች ሳይወጡ በፊት ነው የፈረሰው።

የፈረሰውም ከኋላ ነው። ከፊት የነበሩት አራቱ ሁሉ የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ናቸው፤ ጆናታን አለን የ2017፣ ዳሮን ፔይን የ2018፣ ስዌት የ2019፣ ያንግ የ2020። ግን መቺ ኳርተርባክ ጋ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያስፈልገዋል፤ ኮርነርባኩ (የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚከላከለው) ያንን ጊዜ ካልሸፈነለት አራቱም ባዶ ሜዳ ነው የሚሮጡት። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ኢማኑዌል ፎርብስ፣ 16ኛው፣ ድራፍት ሊገባ ሲመዘን 166 ፓውንድ ነበር። በ4ኛው ሳምንት የፊላደልፊያው ኳስ ተቀባይ ኤ.ጄ. ብራውን ገጠመው፤ 226 ፓውንድ። ብራውን 175 ያርድና 2 ታችዳውን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ የቺካጎው ዲጄ ሙር በ8 ቅብብል 230 ያርድና 3 ታችዳውን አደረገ፤ ፎርብስም በዚያው ጨዋታ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሱ ከተቀመጠ በኋላስ? በ8ኛው ሳምንት ብራውን ተመልሶ 130 ያርድና 2 ታችዳውን ደገመ። ስለዚህ ፎርብስን ብቻ መስቀል አይገባም።

እዚህ ላይ ከሀውል ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። ስንት ጊዜ ወረወረ የሚለውን ስትቆጥር፣ ቡድኑ ከስንት ነጥብ ኋላ ሆኖ እንደወረወረም ቁጠር። መከላከሉ በጨዋታ 30.5 ነጥብ ሲያስገባ መሮጥ የሚባል ነገር ከእቅድ ይወጣል። ከሁሉም ትልቁን ድርሻ ለመከላከሉ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የማልከስሰው አንድ ጨዋታ አለ፤ ከጃያንትስ ጋር የተደረገው ሁለተኛው። መከላከሉ ኳርተርባካቸውን ቶሚ ዴቪቶን 9 ጊዜ መታው። ማጥቃቱ 6 ጊዜ ኳስ አስረከበና 31 ለ 19 ተሸነፉ።

ድራፍት_ተከታታይ፦

ቆጣሪው፣ ሂሳብህ ልክ ነው፤ ግን አማካዩ የሚደብቀው ነገር አለ። ስዌት በ8 ጨዋታ 6.5 ሳክ አድርጎ ሄደ፤ ያ ቁጥር ዓመቱ ሲያልቅም በዋሽንግተን ያልተበለጠ ነው። ቺካጎም ሄዶ በ6 ሳክ አንደኛቸው ሆነ። አንድ ሰው በአንድ ዓመት የሁለት ቡድን ሳክ መሪ! ስለዚህ «አልጎዳም» አይባልም።

ዝውውሩ ራሱ ግን ትክክል ነበር። ያንግ 5ኛ ዓመቱ እንዲራዘም ቡድኑ አልፈለገም፣ የስዌትም ውል በዚያው ዓመት ያልቅ ነበር። ፔይን ማርች ላይ በ4 ዓመት 90 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል፣ የአለን ውል ደግሞ 72 ሚሊዮን ነው። በአንድ ሳላሪ ካፕ (የደመወዝ ጣሪያ) ውስጥ ለአራት የመስመር ሰዎች እንዲህ መክፈል አይቻልም። ቺካጎ ለስዌት ወዲያው 98 ሚሊዮን ከፈለችለት።

በምትኩ የመጣው እንዲህ ተመነዘረ። የስዌቱ 2ኛ ዙር 40ኛ ምርጫ ሆነ። አዲሱ ጄኔራል ማናጀር አዳም ፒተርስ 40ኛውን ከ78ኛውና ከ152ኛው ጋር ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50፣ 53ና 161ን ወሰደ፤ በ50ኛው ማይክ ሴንሪስቲልን፣ በ53ኛው ቤን ሲኖትን መረጠ። የያንጉ 3ኛ ዙር 100ኛ ሆኖ ሉክ ማካፍሪን አመጣ። ሴንሪስቲል ኮርነርባክ መሆኑን ልብ በል፤ ቆጣሪው የጠቆመው ቀዳዳ ላይ ነው የተመደበው።

ሦስተኛ_ዳውን፦

አመሰግናለሁ፣ ሁለቱ ጠርተዋል። የዴል ሪዮ ነገር ቀረ። ደግሞ በ4ኛው ሳምንት ፊላደልፊያ ላይ ዋና አሰልጣኙ ሪቬራ ከታችዳውን በኋላ ለ2 ነጥብ ሳይሞክር መቅረቱን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ያነሳበታል፤ በዚህስ ምን ትላላችሁ?

ቆጣሪው፦

ዴል ሪዮ የተባረረው በታንክስጊቪንግ ማግስት ነው፤ ዳላስ 45 ለ 10 ከረታቸው በኋላ። ዳሮን ብላንድ የሀውልን ኳስ ነጥቆ በአንድ ዓመት 5ኛ ፒክ ሲክስ (ነጥቆ ሮጦ ታችዳውን) ያደረገበትና የሊጉን ሪከርድ የሰበረበት ጨዋታ ነው። እስከዚያ በ12 ጨዋታ 350 ነጥብ ነበር፣ በአማካይ 29.2። ከዚያ ሪቬራ ራሱ መከላከሉን ያዘ። በ5 ጨዋታ 168 ገባባቸው፣ በአማካይ 33.6።

ያልተሻለው ሊሻል የሚችልበት መንገድ ስላልነበረ ነው። በዲሴምበር አሰልጣኝ ቢቀየር ተጫዋቹ ያው፣ የጨዋታ መጽሐፉ ያው፣ የጥሪ ቃላቱም ያው ናቸው። አዲስ ስርዓት የሚተከለው በበጋ ልምምድ እንጂ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ አይደለም። መቀየር የሚቻለው መጠኑ ነው፤ ስንት ጊዜ አንድ ሴፍቲ (የመጨረሻው የኋላ ተከላካይ) ብቻ ከኋላ ይቁም፣ ስንት ጊዜ ሁለት። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ደግሞ ማያሚ ሆነ። ተቀባያቸው ታይሪክ ሂል 5 ኳስ ብቻ ይዞ 157 ያርድ ሄደ፤ ሁለቱ ታችዳውኖቹ 78ና 60 ያርድ ናቸው። ለሂል ከኋላ ሁለት ሴፍቲ አርቆ ማቆም የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ከፊት ስዌትና ያንግ በሌሉበት ግን ሰው ወደ ኋላ በሳብክ ቁጥር ኳርተርባኩ እንደልቡ ቆሞ ይመርጣል። እዚህ ላይ ድራፍት_ተከታታይ ያለው እውነት ነው፣ ዝውውሩ ተሰምቷል።

ዋና አሰልጣኙ መከላከሉንም ሲጠራ የጨዋታ አመራሩን ማን ይይዛል የሚለውም አለ። ከባለቤቱ በኩል ግን ሲታይ ዓመቱ አልቆ ነበር፤ ሪቬራም ጃንዋሪ 8፣ 2024 ተሰናበተ።

ኪስ_ጠባቂ፦

ስለ 2 ነጥቡ፦ ጃሃን ዶትሰን በመጨረሻው ኳስ 10 ያርድ ላይ ታችዳውን ሲይዝ 31 ለ 30 ሆነ። ሪቬራ ኤክስትራ ፖይንት (የ1 ነጥብ ምት) አስመትቶ አቻ አደረገ፣ በተጨማሪ ሰዓት የፊላደልፊያው ጄክ ኤሊየት ከ54 ያርድ መትቶ 34 ለ 31 አለቀ። የ2 ነጥብ ሙከራ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው የሚሳካው። በሰው ሜዳ፣ ከአንተ ከሚበልጥ ቡድን ጋር ተጨማሪ ሰዓት መግባት ከዚያ በትንሹ ያንሳል። እኔ ብሆን እሞክር ነበር፤ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ዓመቱን ያበላሸው እሱ ነው የሚለው አያስኬድም። ጄትስ ላይ 27 ለ 7 ከመመራት ተነስተው 28 ለ 27 ሲመሩ ግሬግ ዙርላይን መጨረሻ ላይ ከ54 ያርድ መትቶ የቀማቸው የበለጠ ያበግናል። እዚያ ጨዋታ ላይ ማጥቃቱን ያነሳው ሀውልን ተክቶ የገባው ጃኮቢ ብሪሴት ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጀምር ተመድቦ ሐምስትሪንጉ ያዘውና ሀውል ተመለሰ።

ድራፍት_ተከታታይ፦

የጄትሱን ጨዋታ ባትቆጭበት ይሻላል። ዋሽንግተን፣ ኒው ኢንግላንድና አሪዞና ሦስቱም 4-13 ጨርሰዋል። በድራፍት ተራ እኩል የሆኑ ቡድኖች የሚለዩት እርስ በርስ ማን አሸነፈ በሚለው አይደለም፤ ተጋጣሚዎቻቸው በድምሩ ያሸነፉት መጠን ይታያል፣ ደካማ ተጋጣሚ የገጠመው ይቀድማል። ዋሽንግተን ሁለቱንም አሸንፏቸው ነበር፤ በዚህ መለኪያ ግን 2ኛውን ወሰደ፣ ኒው ኢንግላንድ 3ኛ፣ አሪዞና 4ኛ። ያ 54 ያርድ ባይገባ ኖሮ 5-12 ይሆኑና ሁለቱም ይቀድሟቸው ነበር። ዳንኤልስ የተመረጠው በ2ኛው ነው።