የሬሾና የትርፍ ጥያቄ፦ መልሱ 60,000 ይላል፣ እኛ 6,000 ነው የመጣልን

የሳቢያኗ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከድሬዳዋ ነኝ። የ8ኛ ክፍል ልጄና እኔ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመናል። «ሦስት ሰዎች በ2፡3፡5 ሬሾ ብር አዋጥተው ዕቃ ገዙ። የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ሬሾ 4፡5 ነው። ትርፉን እንደየመዋጯቸው ሲካፈሉ ሦስተኛው ከአንደኛው 4,500 ብር በለጠ። ዕቃው በስንት ተገዛ?»
የሷ አሠራር፦ 5ኤክስ ሲቀነስ 2ኤክስ 4,500፤ ኤክስ 1,500። መግዣው 4ኤክስ ስለሆነ 6,000። መልሱ ላይ ግን 60,000 ተጽፏል። የማተሚያ ስህተት ይሆን?

የታይዋን ነጋዴ፦
አቦ፣ እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ነጋዴ ነኝ፤ በሱቅ ቋንቋ ልንገርሽ። ኤክስ 1,500 ከሆነ ሦስቱ የደረሳቸው 3,000፣ 4,500 እና 7,500 ነው። ድምር 15,000። በ6,000 ብር ዕቃ 15,000 የሚተረፍበት ገበያ ካለ ንገሪኝና ዛሬውኑ ልሂድ! በ4 ገዝቶ በ5 የሚሸጥ ሰው የሚያተርፈው የመግዣውን ሩብ ብቻ ነው።

መምህር ከሐረር፦
እህቴ፣ መልሱ ልክ ነው። የልጅሽም አጀማመር ልክ ነው፤ ያሳሳታት አንዱን ኤክስ ለሁለቱም ሬሾ መጠቀሟ ነው። ኤክስ ከትርፉ አንድ ድርሻ ነው፤ ትርፉ በ10 ድርሻ ተከፍሏል። የዋጋው ሬሾ ሌላ ነገር ስለሆነ ሌላ ፊደል ይፈልጋል። መግዣ 4ዋይ፣ መሸጫ 5ዋይ፣ ትርፍ 1ዋይ በይ። ትርፉ 15,000 ስለሆነ ዋይ 15,000፤ መግዣው 60,000፣ መሸጫው 75,000። መዋጮውም 12,000፣ 18,000 እና 30,000 ይሆናል። ፊደል በወሰደች ቁጥር ምን እንደሚቆጥር አጠገቡ ትጻፍ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚች ጋ ነው።

የከዚራው ልጅ፦
ታዲያ ትርፉ 20 ፐርሰንት ነው አይደል? 15,000 ለ75,000።

መምህር ከሐረር፦
አይ፣ 25 ነው። ጥያቄው «ከመሸጫው» ብሎ ካልገለጸ በስተቀር የትርፍ ፐርሰንት የሚሰላው ከመግዣው ነው። ፈተና ላይ 20ም ምርጫ ሆኖ ይመጣል፤ ሆን ተብሎ ነው።

የሳቢያኗ እናት፦
ገባን፣ ተባረኩ! ቀጣዩ ላይ ደግሞ አንዱ 12,000 ብር ለ12 ወር፣ ሌላው 18,000 ብር ለ6 ወር ነው ያዋጡት። በ2፡3 እናካፍል?

መምህር ከሐረር፦
ብሩን በወሩ አባዙት። 144,000 ለ108,000፣ ሲቃለል 4፡3።

የታይዋን ነጋዴ፦
ትንሽ ያዋጣው በለጠ ማለት ነው። ይሄን ቀፊራ ገበያ ላይ ለሸሪኬ ባስረዳው ሽማግሌ ያስፈልገናል።

መምህር ከሐረር፦
ስትጀምሩ ተስማሙበታ!