ሪሌይ ወይስ ትራንዚስተር? ለቡና መቁያ ማሽን

ጠያቂ፣ ከጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቡና መቁያ አለን፣ መቆጣጠሪያውን በሲመንስ ኤስ ሰቨን 1200 ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) ልንቀይረው ነው። ሲፒዩው፣ ማለትም ዋናው ክፍል፣ 1214ሲ ነው። የማቀዝቀዣው ፋን ኮንታክተር (ትልቅ ጭነት የሚያበራ ማብሪያ) ኮይሉ 220 ቮልት ነው፣ ከበሮው በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ይዞራል። ሂተሩ ግን ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ በየ2 ሰከንዱ በርቶ መጥፋት አለበት። የሲፒዩው መውጫ ሪሌይ (በኮይል የሚሠራ ሜካኒካል ማብሪያ) ወይም ትራንዚስተር (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ "ሪሌይ ያለውን ውሰድ፣ ሁሉንም ይችላል" አለኝ። እውነት ነው? የሙቀት ሴንሰሩ ደግሞ ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (ሙቀትን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚቀይር ሽቦ) ነው፣ ሲፒዩው ላይ ባለው አናሎግ መግቢያ ይሠራል? ተሳስቼ ከገዛሁ እንደገና መርካቶ ድረስ መሄዴ ነውና እባካችሁ ተባበሩኝ።

ፓነል ሠሪው
ወንድሜ፣ ሻጩ የነገረህ ግማሹን ነው። የሪሌይ መውጫ ኤሲም ዲሲም ያበራል፣ እስከ 2 አምፔር ይችላል፣ ለፋኑ ምንም አይልም። ሂተሩ ላይ ግን እንዳታስበው። ሙሉ ጭነት ላይ የሪሌይ ዕድሜ 100,000 ጊዜ ያህል ነው። በየ2 ሰከንዱ አንዴ ከበራ በሰዓት 1,800 ነው፣ 56 ሰዓት ገደማ ላይ አለቀ ማለት ነው! ጭነቱ ቀለል ካለ ዕድሜው ይረዝማል፣ ቢሆንም ሲያልቅ የሚበላሸው ሲፒዩው ውስጥ ያለው ሪሌይ ራሱ ነው። ዲሲ/ዲሲ/ዲሲ የሚባለውን ትራንዚስተር ግዛ። መውጫው 24 ቮልት፣ 0.5 አምፔር ብቻ ነው፣ ሂተሩን የሚያበራ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ለማዘዝ ግን ከበቂ በላይ ነው። ለፋኑ ኮንታክተር መሃል ላይ ሶኬት ያለው የ24 ቮልት ትንሽ ሪሌይ አስገባ፣ ኮይሉ ላይ ዳዮድ (ሲጠፋ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ዝላይ የሚውጥ) አትርሳ። ሲቃጠል ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ፣ አለቀ።

ኢንስትሩመንት
ስለ ቴርሞካፕሉ፦ አይሠራም። የሲፒዩው አናሎግ መግቢያ ከ0 እስከ 10 ቮልት ነው የሚያነበው፣ ኬ ታይፕ ደግሞ 200 ዲግሪ ላይ 8 ሚሊቮልት ገደማ ነው የሚሰጥህ። የቴርሞካፕል ሞጁል ጨምርበት፣ ሽቦውም ተራ መዳብ ሳይሆን የኬ ታይፕ ይሁን። ከኢንቨርተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ እንዳታሳልፈው፣ ንባቡ ይዘልብሃል። ፓነሉ ሩቅ ከሆነ 4-20 ሚሊአምፔር ትራንስሚተር (የሴንሰሩን ንባብ ወደ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚቀይር) ይሻላል፣ ሽቦ ሲበጠስ ወደ ዜሮ ይወርዳልና ወዲያው ታውቃለህ። የመቁያ ነገር ሆኖ ብልሽቱን "ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ካነበበው ሂተሩ አይቆምም፣ ቡናው ከሰል ይሆናል።

ፓነል ሠሪው
እሱ ላይ ልጨምር፦ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ በርቶ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከፊቱ ኮንታክተር አድርግና ከፒኤልሲው ውጪ በሆነ የሙቀት መቁረጫ አስቁመው። ይህን እንዳትዘለው፣ እሳት ነው።

ጠያቂ፣ ከጅማ
እግዜር ይስጥልኝ! ከአሮጌው ማሽን የተረፉ ኤንፒኤን ሴንሰሮች (ሲበሩ መግቢያውን ወደ 0 ቮልት የሚያገናኙ) አሉኝ፣ አዲሶቹ ግን ፒኤንፒ (ወደ +24 ቮልት የሚያገናኙ) ናቸው። አብረው ይሆናሉ?

ኢንስትሩመንት
የ1214ሲ መግቢያ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ግን 14ቱም መግቢያዎች የሚጋሩት የጋራ ተርሚናል አንድ ነው። ስለዚህ መቀላቀል አይቻልም። ሁሉንም ፒኤንፒ አድርጋቸው።