ባጉ (የፕሮግራሙ ስህተት) የማን ነው፣ የቋንቋው ወይስ የፕሮግራመሩ?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች። ቢሮ ውስጥ ክርክር ይዘናል። የክፍያ ፎርም ላይ ደንበኛው 100 እና 50 ሲያስገባ ድምሩ 10050 ሆኖ ወጣ። ጃቫስክሪፕት ነው፤ ከፎርሙ የሚመጣው ስትሪንግ (ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ) ስለሆነ + ምልክቷ ደመርኩ ብላ ቀጣጠለቻቸው። ኤረር የለም፣ ምንም የለም። አንዱ «ቋንቋው ነው የማይረባው» ይላል፣ ሌላው «ጎበዝ ፕሮግራመር በየትኛውም ቋንቋ ጥሩ ይሠራል»። እናንተስ?

የድሮ ኮደር፦
«ጎበዝ ከሆነ» የምትለዋን ተዋት ባክህ። በ2014 እ.ኤ.አ. አፕል የደህንነት ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌል» (ወደ ስህተት መውጫው ዝለል) የምትል መስመር ተደግማ ተገኘች። ኮዱ የተጻፈበት ሲ ቋንቋ ከኢፍ («ይህ ከሆነ» ከሚለው ትዕዛዝ) በኋላ ቅንፍ ግድ አይልም፤ ስለዚህ ሁለተኛዋ መስመር ለዓይን ኢፉ ውስጥ ያለች ትመስላለች እንጂ ውጪ ናት፣ ሁልጊዜ ትሠራለች። ከሷ በታች ያለው የፊርማ ማረጋገጫ ጭራሽ አይደረስበትም። አፕል ውስጥ ጎበዝ ጠፍቶ ነው? ጎ እና ረስት የሚባሉ ቋንቋዎች ላይ ቅንፍ ግዴታ ነው፣ እንዲህ አትደበቅም።

ተጠራጣሪ፦
አሪያን 5 ሮኬትስ? ኮዱ በአዳ ነው የተጻፈው፣ ለጥንቃቄ ተብሎ በተሠራ ቋንቋ። በ1996 እ.ኤ.አ. በተነሳች 40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነች። ባለ 64 ቢት ቁጥር ለ16 ቢት ብቻ በተመደበ ጠባብ ቦታ ውስጥ አልገባ ብሎ!

የድሮ ኮደር፦
አዳ እኮ ስህተቱን ይዞታል! ኮዱ ከአሪያን 4 የተወረሰ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ከሰባት ቫሪያብሎች (ቁጥር መያዣዎች) ለአራቱ ብቻ መከላከያ ተደረገ፤ ሦስቱ «እዚያ ቁጥር አይደርሱም» ተብለው ተተዉ። ኤረር ከመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ያቁም ተብሎ ነበር የተወሰነው። መጠባበቂያውም ያንኑ ኮድ ስለሚያሄድ እንዲያውም ቀድሞ ቆመ። ይሄ የሰው ውሳኔ ነው። ቋንቋው ጮኋል፣ የእናንተው ጃቫስክሪፕት ግን ትንፍሽ አላለም። ለኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ጀማሪው፦
ታይፕስክሪፕት (ታይፕ፣ ማለትም የዳታውን ዓይነት የሚቆጣጠር የጃቫስክሪፕት ዘር) ብንገባ ያልቅለታል?

ፍሮንትኤንዷ፦
በከፊል። ሁለት ስትሪንግ በ+ ማያያዝ ታይፕስክሪፕትም ይፈቅዳል፤ ውጤቱን ቁጥር ነው ባልከው ቫሪያብል ውስጥ ስትከተው ነው የሚቆጣህ። ሌላም አለ፦ ኮዱ ሲሄድ ታይፖቹ ተሰርዘው ነው የሚሄደው። ከሰርቨር የመጣውን «ቁጥር ነው» ብለህ በራስህ ቃል ካሳለፍከው ማንም አይመረምረውም። ዳታው እንደገባ ወደ ቁጥር ቀይሩት፣ ካልተቀየረ ክፍያው አይለፍ።