ቲዩብ አምፕሊፋየር፦ ኪት አስመጥቶ መገጣጠም ወይስ የተሠራውን መግዛት? (ደሴ)

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ወገን። የድሮ ሸክላ ለማዳመጥ ቲዩብ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቲዩብ ድምፅ የሚያጎላ) ፈልጌ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ ራሴ የምገጣጥመው ኪት ነው፤ ባለ ኢኤል84 (የቲዩብ ዓይነት ነው)፣ በቻናል 5 ዋት ገደማ። ሌላው ያለቀለት ባለ ኢኤል34፣ 35 ዋት። ካውያ መያዝ አያቅተኝም፣ ቴስተርም አለኝ። ስፒከሮቼ 90 ዲቢ (በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ የሚሰጡት ድምፅ) ናቸው። የቱ ያዋጣል?

ቦርከና፦
በዋጋ ከሆነ ተወው። የሚከብደው ትራንስፎርመሩ ነው፣ ተገጥሞም ሳይገጠምም የምትከፍለው በኪሎ ነው። ዋናው ጥያቄ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው። ራስህ የበየድከውን መስመር በመስመር ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ እኔ ኪቱን እላለሁ። በ5 ዋት ስፒከርህ 1 ሜትር ላይ ወደ 97 ዲቢ ይሰጥሃል፣ ለሳሎን ይተርፋል።

ከማዘዝህ በፊት ግን ትራንስፎርመሩ 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል መሆኑን እይ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተጠመጠመ ከሆነ በ110 መቀየሪያ ብታበራውም ኮሩ (የውስጡ ብረት) ላይ የ20 በመቶ ጫና ይጨምራል፤ ይግላል፣ ያጉረመርማል። መቀየሪያው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይነካም።

ሰኞ ገበያ፦
አልስማማም። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ በዚህ ቮልቴጅ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው የተሠራው ይሻላል። ግን ሲገዛ ይጠንቀቅ፤ ርካሾቹ ላይ የሚያበራው ቲዩብ ለመልክ ያህል ነው፣ ስፒከሩን የሚነዳው ቺፕ ነው። እውነተኛ ስቴሪዮ ሦስት ትራንስፎርመር አለው፦ አንድ የኃይል፣ ሁለት የስፒከር። አንድ ብቻ ካየህ ወይም ጭራሽ ከሌለ እለፈው።

ኢኤል34ቱ ደግሞ ብዙ ሙቀት ይተፋል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይደክማል። ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው።

የጦሳ ልጅ፦
ወደ ኪቱ አዘንብያለሁ። የእኛ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ምን ይጎዳል?

ቦርከና፦
መጀመሪያ የሚሄደው ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) ነው። ከትራንስፎርመሩ 300 ቮልት የሚወጣ ከሆነ፣ ቲዩቦቹ ሳይሞቁ በዳዮድ ወደ ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሲስተካከል 424 ይሆናል። መስመሩ ከ220 ወደ 240 ሲደርስ ደግሞ 462። ኪቱ ባለ 450 ቮልት ካፓሲተር ከላከልህ በ500 ቀይረው። በላዩ ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በየድበት፤ 100 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ ካጠፋኸው በኋላ በ2 ደቂቃ ገደማ ይራገፋል። እጅህን ከማስገባትህ በፊት ግን በቴስተር ለካ፣ ሬዚስተሩም ሊቃጠል ይችላላ!

የፊላመንቱን (ቲዩቡን የሚያሞቀውን) ሁለት ሽቦ አጠማዝዘህ በቻሲው (በብረት ሳጥኑ) ጥግ አሳልፈው፣ ከኢንፑት ሽቦ አርቀው። ግራውንዱን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስብ። ጉምታ የሚባለው ጣጣ (ከስፒከሩ የሚሰማው ማጉረምረም) ባብዛኛው ከእነዚህ ነው። የኃይሉን ትራንስፎርመር ደግሞ ከስፒከሮቹ ትራንስፎርመር ጋር በ90 ዲግሪ አዙረው።

መጀመሪያ ስታበራ ባለ 60 ዋት የድሮ ባለ ሽቦ አምፖል በፌዙ ላይ በተከታታይ አስገባ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ቲዩብ ሳትሰካ አብራ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርት ወይም የተገለበጠ ካፓሲተር አለ። ከዚያ ስፒከር ሰክተህ (ያለ ስፒከር ድምፅ ብትሰጠው የስፒከር ትራንስፎርመሩ ሊበሳ ይችላል) ቲዩቡን አስገባ፣ አምፖሉን አውጣ። ፊላመንቱ 6.3 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። የኢኤል84 ካቶድ (ከቲዩቡ እግሮች አንዱ) ሬዚስተር 135 ኦም ከሆነ በላዩ 7.3 ቮልት ማንበብ አለብህ፣ 54 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። በጣም ከበለጠ አጥፋና ወደ ግሪዱ (ድምፁ ወደ ቲዩቡ የሚገባበት እግር) የሚገባው ካፓሲተር ዲሲ እያሳለፈ እንዳልሆነ ፈትሽ።