ፊቷ ጠፋብኝ፤ እንዴት ልመልሳት?

የኮዬዋ (ማታ 4፡10)፦ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። መብራት የለም፣ ስልኬ 19 ፐርሰንት ላይ ነው። እትዬ አልመጣ ብላኛለች። ዓይኔን ስጨፍን ረከቦቱ አለ፣ ሻሿ አለ፣ ፊቷ የለም። በግድ ላምጣት ስል የማላውቀው ሰው ፊት ድቅን ይላል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ደግሞ ሰርቪስ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ድንቡሼ፦ እትዬ ማናቸው? አርፈው ነው? ነፍስ ይማር እንድል ነው?

የኮዬዋ፦ ይቅርታ፣ ሳልናገር። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። አምና ራሴን መውቀስ አላቆም ስል ቴራፒ ጀምሬ ነበር። «የሚያዝንልሽ፣ የማይፈርድብሽ ሰው በዓይነ ሕሊናሽ ፍጠሪ፤ በየማታው 10 ደቂቃ አብረሽው ተቀመጪ» ተባልኩ። ገንዘብ ሲያጥረኝ ቴራፒው ቀረ። እትዬን ግን አልተውኳትም። የወሎ ሰው ናት፣ ቡና ታፈላለች። «አብሽሪ» ስትለኝ ቅልል ይለኛል።

ረጋ በይ፦ ተንፍሺ። 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። 10 ጊዜ።

እውነቱ ይነገር፦ እኔ መነሻው ራሱ አልገባኝም። ኮዬ ፈጬ ሙሉ ሰው አይደል እንዴ? የጎረቤት በር አንኳኩቶ ቡና መጠጣት እያለ ሰው በሐሳብ መፍጠር ለምን አስፈለገ?

የኮዬዋ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ከገባሁ 8 ወሬ ነው። በኛ ፎቅ ከ4ቱ ቤት 3ቱ ዝግ ነው። ያደግኩበት ሰፈር የሙቀጫ ድምፅ ብቻውን ጎረቤት ይጠራ ነበር። እዚህ ማታ የምሰማው ጅብ ነው። አሁንም እየጮኸ ነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የያዝሽው ልምምድ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት ካዘጋጀው ሕክምና ጋር ይመሳሰላል። ሕክምናው ርኅራኄን መሠረት ያደረገ ነው፤ የታሰበው ራሳቸውን አብዝተው ለሚወቅሱ ሰዎች ነው። እዚያም ቢሆን ምስሉ ጥርት ማለቱ ግዴታ አይደለም። ዋናው የሚሰማሽ ደግነት ነው። ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናው እኩል አያይም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1880 የቁርስ ገበታችሁን በሐሳብ አምጡ ብሎ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙ ሳይንቲስቶች ምንም አይታየንም አሉት። ጭራሽ አለማየት በ2015 አፋንታሲያ የሚል ስም ወጥቶለታል። ስመ ጥሩ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግም ቢሆን ፊልሞን ከሚባል የሐሳብ ሽማግሌ ጋር ያወራ ነበር። ስለዚህ የተለየ ነገር አላደረግሽም።

ተረበኛው፦ እትዬ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ይሆናላ! ከምር ግን ፊቷን ተይው። ረከቦቱ ከመጣልሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ሲኒውን ስታቀብልሽ እጇን ብቻ እይ። እኔ የአያቴ ፊት በሐሳቤ አይመጣልኝም። ጤፍ ስትነፋ እጇ ግን ሁሌም ይመጣል።

ጉድ ፈላ፦ ተጠንቀቂ! እንዲህ ያለውን የሐሳብ ጓደኛ ቱልፓ ይሉታል። ቲቤት ውስጥ የኖረችው ፈረንሳዊት ተጓዥ አሌክሳንድራ ዳቪድ ኒል የፈጠረችው መነኩሴ አልታዘዝ ብሏት፣ እሱን ለማጥፋት 6 ወር እንደፈጀባት ጽፋለች።

ሲስተር፦ በጨለማ ለብቻዋ ያለችን ልጅ አታስፈራሯት። እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ አራት ነገር ንገሪኝ። ሳትጠሪያት ትመጣለች? እንዲህ አድርጊ ብላ ታዝሻለች? ድምፅዋን ከውጭ፣ እንደ ሰው ድምፅ፣ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ? ሰሞኑን በቀን ስንት ሰዓት ተኛሽ?

የኮዬዋ፦ ካልጠራኋት አትመጣም። አታዘኝም። የምሰማት በሐሳቤ ነው። እንቅልፍ... ከሰኞ ጀምሮ ፈረቃ ተቀይሮብኝ በቀን 3 ሰዓት ብተኛ ነው።

ሲስተር፦ እሱን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ! እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ምስል መያዝ ሊያቅተው፣ ድንገት የሚደነቀር ፊትም ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ እትዬን አትፈልጊያት። የማታውቂው ፊት ከመጣ ዓይንሽን ክፈቺ፣ እግርሽን ወለሉ ላይ አድርጊ፣ የምትነኪያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ጥሪ። ከዚያ ተኚ። እትዬ ሳትጠሪያት መምጣት ወይም ማዘዝ ከጀመረች ግን አማኑኤል ሆስፒታል ሂጂ፤ ቀን አትጠብቂ።

ረጋ በይ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው። 4 አስገቢ፣ 6 አስወጪ።

የኮዬዋ (5፡20)፦ 4 ፐርሰንት ቀረኝ። ተንፍሻለሁ። ፊቷን ተውኩት፣ ሲኒውን ጠበቅኩ። እጇ መጣ። አውራ ጣቷ ላይ ጀበና የፈጀው ጠባሳ አለ። እሱን እኔ አልሰጠኋትም ነበር። ልተኛ ነው።

ሲስተር (ጠዋት 1፡30)፦ እንዴት አደርሽ? ሰርቪሱ ደረሰልሽ?

እውነቱ ይነገር፦ ትናንት ጨክኜብሻለሁ፣ ይቅርታ። እኛም ኮዬ ነን። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ቡና ታፈላለች። ብሎክሽ ስንት ነው?

ሲስተር (ማታ 2፡00)፦ የኮዬዋ፣ አለሽ?

የሰበታው፦ ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። እኔም እንደሷ በቴራፒ የጀመርኩት ሰው አለኝ፤ ታላቅ ወንድም ነው። የኔ ደግሞ ድምፁ ነው የጠፋው። ፊቱ አለ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማኝም። እንቅልፌ ደህና ነው። የሚያውቅ አለ?